የማይደርሰው ዛፍ

ሰይድ ቪዲዮውን ሳይለቀው ከእኔ ስሙት ብዬ ነው።

ለቆታል እንዴ? ለቆትም ከሆነ መጀመሪያ ይህን አንብቡ። ቪዲዮው ውስጥ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ የሚታየው ልጅ እኔ ነኝ። ከሽንት ቤት ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ደግሞ የቅሬያችን ዳኛ ነው።

አዎ። ዳኛው። ከሽንት ቤት ውስጥ።

የዘጋሁባቸው ደግሞ እኔ ነኝ። በሒሳብ!

እሺ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር። ስጽፍ ቶሎ ቶሎ አይመጣልኝም፣ ትንሽ ታገሱኝ።

እንደምታውቁት... የማታውቁም ስላላችሁ... ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀን ባለፈው ዓመት ታሞ ዐረፈ። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነበር። እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ከቀብሩ በኋላ ወደ ክፍል አልተመለስኩም። ፈተናም አልተፈተንኩም።

ሰው ለምን ሲለኝ "እማዬን ብቻዋን ትቼ እንዴት ብዬ" እላለሁ። ሰውም ያዝንልኛል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የሒሳብ መጽሐፍ ስከፍት የእሱ ድምፅ ይመጣብኛል። ሒሳብ የእሱ ነበር። እኔ ከኋላ ከኋላው የምሄድ ነበርኩ።

አሁን ሙት ዓመቱ እየቀረበ ነው። የትምህርት ቤት ምዝገባም እየቀረበ ነው። እማዬ በየጠዋቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያላት። "ትመዘገባለህ?"

እኔም አንድ መልስ ብቻ። "እናያለን።"

ዛሬ ጠዋት ግን፣ እግዜር ይይልኝ፣ ሌላ መልስ ሰጠኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሙት ዓመቱ ዳስ ምሰሶ ያስፈልጋል፤ ለድግሱ ማገዶ ያስፈልጋል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ደግሞ ከጭስ በቀር ምንም አይሰጥም፤ ቀደም ብሎ ተቆርጦ መድረቅ አለበት። ስለዚህ የቅሬው ሰዎች መጥረቢያና ገመድ ይዘው ዛሬ ማልደው እኛ ቤት መጡ። (ለአዲስ አበባ ልጆች፦ ቅሬ ማለት እናንተ ዕድር የምትሉት ነው። ልዩነቱ የእኛ ላይ ማርፈድ አይቻልም።)

ከቤታችን በታች ሁለት ትልልቅ ባሕር ዛፎች አሉን። ከዛፎቹ በታች የመብራት ገመድ አለ። በአንድ ጎን የጎረቤት አጥር፣ በሌላው ጎን የበጎቻችን ጋጣ። ዛፉን መጣል የሚቻለው ወደ ላይኛው በኩል ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ ሽንት ቤታችን አለ። አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ።

"ሽንት ቤቱን ይመታዋል" አለ አንዱ።

"ኧረ አይደርስበትም!"

"ይደርሳል እንጂ! ጫፉን ቀና ብለህ እየው እስኪ!"

"ቀና ብዬ ነው ያየሁት፤ አንተ ጎንበስ ብለህ ታያለህ እንዴ?"

ክርክሩ ጦፈ። እኔ ግን መሐላቸው ገባሁ። ምክንያቱም ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ!

ሙሉቀን አስተምሮኛል። ዛፉ ላይ ሳትወጣ ቁመቱን ማወቅ ትችላለህ። አንድ ሜትር እንጨት ቀጥ አድርገህ ታቆምና ጥላውን ትለካለህ። ከዚያ የዛፉን ጥላ ትለካለህ። ፀሐይዋ አንድ ስለሆነች፣ እንጨቱ ከጥላው ጋር ያለው ዝምድናና ዛፉ ከጥላው ጋር ያለው ዝምድና አንድ ነው። በቃ። ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች። ሁላችሁም ተምራችሁታል፤ ሁላችሁም ረስታችሁታል።

እኔ ልረሳው አልችልም። ከትምህርት ቤት ስንመለስ በመንገድ ያገኘነውን ሁሉ ያስለካኝ ነበር። የመብራት እንጨት። የቤተ ክርስቲያን ጉልላት። አንድ ጊዜ የቆመች በቅሎ። በቅሎዋ እስክንጨርስ አልጠበቀችንም።

ተማሪዎቹ "ቲቸር፣ ይሄ ለኑሮ ምን ያደርግልናል?" ሲሉት አይቆጣም ነበር። "የት ትጠቀሙበት እንደሆነ እኔ ምን አውቃለሁ? ስታገኙት መጥታችሁ ንገሩኝ" ይላቸዋል።

እና ዛሬ አገኘሁት! የምነግረው ሰው ባይኖርም አገኘሁት አልኩ።

ወደ እማዬ ሮጥኩ። "እማዬ! ልለካው ነው። ሒሳቡ ልክ ከመጣ እመዘገባለሁ። ካልመጣ ግን ሁለተኛ አትጠይቂኝ።"

እስኪ ማን ነው ከእናቱ ጋር እንዲህ ያለ ውል የሚገባ? በዛፍ?!

እማዬ እኔንም ዛፉንም አየችና "ይሁን" አለች። እኔን ይሁን ዛፉን ያመነችው፣ እስካሁን አላውቅም።

እንጨቴን ግቢያችን መሐል አቆምኩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ጥላው ልክ አንድ ሜትር መጣ! ራሱን እኩል! ይህ ማለት የዛፉም ጥላ ከዛፉ ጋር እኩል ነው። ማካፈል የለ፣ ማባዛት የለ። እግዜር ራሱ ያቀለለልኝ መሰለኝ።

ወርጄ የዛፉን ጥላ ለካሁ። ፀሐይ ከታች በኩል ስለምትወጣ ጥላው ወደ ላይ፣ ወደ ሽንት ቤቱ ተዘርግቷል። አሥራ ሁለት ሜትር። ከግንዱ እስከ ሽንት ቤቱ ደግሞ አሥራ አራት።

"አይደርስም!" ብዬ ጮህኩ። "ሁለት ሜትር ይቀረዋል!"

ሁሉም ዝም አለ። ደስ የሚል ዝምታ ነበር። እድሜዬን ሙሉ ሰው ዝም አሰኝቼ አላውቅም።

የቅሬው ዳኛ ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሽ ደምሴ ቀልድ አያውቁም። ቀብር ላይ ያረፈደን ሰው ዘመድ ቢሆን እንኳ ይቀጣሉ። "በሉ፣ በልክ የተነገረ ነገር ነው። ይቆረጥ" አሉ።

ከዚያ ወደ ሽንት ቤቱ ሄዱ።

"ጋሼ፣ ለማንኛውም ዛፉ እስኪወድቅ ቢጠብቁ?" አላቸው አንድ ሰው።

ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። "አይደርስም ተባለ አይደል? የሙሉቀን ወንድም አይደለም እንዴ የለካው?"

የሙሉቀን ወንድም።

ይህን ስሰማ ቁመቴ ጨመረ። በዚያች ሰዓት ማንም ጥላዬን ቢለካ ኖሮ ከዛፉ እኩል ይለኝ ነበር።

መጥረቢያው ሥራ ጀመረ። ሰይድ፣ ጎረቤቴና የክፍል ጓደኛዬ፣ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። "አብሽር አንዱዓለም! ዛሬ ታሪክ ትሠራለህ!" ይለኛል። ሠራሁለት።

ገመዱን ከጎንና ከጎን ሳቡት። ዛፉ ተንቋቋ። ጋሽ ደምሴ ገና አልወጡም። እኔ አልተጨነቅኩም። ለምን እጨነቃለሁ? ሁለት ሜትር!

ዛፉ መውደቅ ጀመረ። ወደቀ... ወደቀ... ገና እየወደቀ ነው... ወገኖቼ፣ ይህ ዛፍ አያልቅም!

ከዚያ ቆርቆሮው፦ ቿ!

ዝምታ። ይኼኛው ደስ አይልም ነበር።

ቅጠሉ ሲረጋ ሽንት ቤቱ አይታይም። ያለው የባሕር ዛፍ ጫፍ ብቻ ነው። ከውስጡ ድምፅ መጣ።

"ማነው በሩን የያዘብኝ?!"

ሁሉም እኔን አየኝ።

"ጋሽ ደምሴ... ዛፉ ነው" አልኩ።

"የትኛው ዛፍ?"

"ያ... የማይደርሰው።"

ቪዲዮው እዚህ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሰይድ እየሳቀ ስለሆነ ነው።

የደረሰው ቀጭኑ ጫፍ ብቻ ነበር፤ ቅጠልና ጨንገር። ማንም አልተጎዳም። ይህን ደጋግሜ የምለው ለእናንተ አይደለም፣ ለራሴ ነው። አንድ ሜትር ቢጨምር ኖሮ ብዬ አሁንም አስባለሁ።

ቅርንጫፉን ቆርጠን አወጣናቸው። ጋቢያቸው ላይ ቅጠል፣ ጢማቸው ላይ ቅጠል። ሽታቸው ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ጥሩ ነበር። ጉንፋን የያዘው ሰው አጠገባቸው ቢቆም ይድናል።

ሰዉ አበደ። "ፕሮፌሰር፣ ያቺ ሁለት ሜትር የት ሄደች?" "ዳኛውን ለዘጋ በቅሬው ሕግ ቅጣቱ ስንት ነው?" "ኧረ ሕጉ ላይ የለም፤ እንዲህ ያደረገ ሰው ኖሮ አያውቅም!" "ወላሂ የእኛን ቤት እንዳትለካ!" ይህ የመጨረሻው ሰይድ ነው።

እኔ እማዬን ፈለግኳት። ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆማለች፤ ጥቁር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አስለቀስኳት አልኩ። በሙሉቀን ስም ተነስቼ፣ በሙሉቀን ሒሳብ፣ በሙሉቀን ሙት ዓመት እንጨት፣ እናቴን በሰው ፊት አስለቀስኳት።

ሮጬ ሄድኩ። "እማዬ፣ ይቅርታ..."

ነጠላውን ከአፏ አነሳች። እየሳቀች ነው!

"'የማይደርሰው' አልከው?" አለችኝና እንደገና ፈነዳች። ቁጭ አለች። ጎኗን ያዘች። ሙሉቀን ካረፈ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። የቅሬው ሰዎች ቀልዳቸውን ተዉ። መጥረቢያ የያዘውም ቆመ። ሁሉም ወደ መሬት እያየ ሳቋን ብቻ ይሰማ ነበር።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ጥሩ ነበር። ግን ውሉ አለ። ሒሳቡ ልክ አልመጣም። ስለዚህ አልመዘገብም ማለት ነው። አለቀ። ቀለለኝ ብል እዋሻለሁ። አንድ የሆነ ነገር ሁለተኛ የተቀበረ መሰለኝ።

ወደ ጋሽ ደምሴ ሄጄ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ። ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ።

"ይቅርታውን ተወው" አሉ። "ለምን ደረሰ?"

"እ?"

"አይደርስም አልክ፤ ደረሰ። ለምን ደረሰ? እኔ እኮ ውስጥ ሆኜ የማስበው ይህን ነው።"

ሜትሩን ይዤ የወደቀውን ዛፍ ለካሁት። ከጉቶው ጋር አሥራ አምስት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ማለትም ወደ ሦስት ሜትር ዛፍ ጠፍቶብኛል። ሰው ብር ይጠፋዋል፣ በግ ይጠፋዋል። ዛፍ እንዴት ይጠፋል?!

ግንዱ ላይ ተቀምጬ ደገምኩት። እንጨት አንድ፣ ጥላ አንድ። ትክክል። የዛፍ ጥላ አሥራ ሁለት። ትክክል። ሁሉም ትክክል ነው። መልሱ ብቻ ነው የተሳሳተው።

እንዲህ ስል አጠገቤ ግንዱን የሚቆራርጡት ሰዎች አንዱን ቁራጭ ለቀቁት።

ቁራጩ መንከባለል ጀመረ። ወደ ታች። እየፈጠነ።

"ኧረ ያዘው! ወደ መንገዱ ነው!" የወግዲ ሚኒባስ የሚያልፍበት መንገድ ከታች ነው። ሁለት ሰው ሮጦ በእግሩ አቆመው። አንደኛው ተናደደና "ሜዳ ላይ የተቀመጠ ግንድ እንዴት ይንከባለላል?" አለ።

ሜዳ!

ብድግ አልኩ።

ወገኖቼ፣ ዛፎቹ ያሉበትን ቦታ ከተወለድን ጀምሮ "ሜዳው" ነው የምንለው። "ሜዳው ላይ በጎቹን እይ፣" "ሜዳው ላይ አስጣው።" ልብስ እናሰጣበታለን፤ ኳስ ተጫውተንበታል። ኳሱ ሁልጊዜ ለምን አንድ ጎል ላይ ብቻ ይገባ እንደነበር ማናችንም ጠይቀን አናውቅም! የደጎሎ ሰው፣ እውነተኛ ሜዳ ላይ ያደገ ሰው፣ መጥቶ ቢያየው "ይሄ ዳገት ነው" ይለን ነበር። እኛ ግን ሰው በእጁ ሳይዝ የሚቆምበት ሁሉ ሜዳችን ነው።

እንጨቴን ያቆምኩት ለቤት ተደልድሎ የተስተካከለው ግቢ ላይ ነው። የዛፉን ጥላ የለካሁት ዳገት ላይ ነው። ዳገቱ ደግሞ ጥላውን ከመንገድ ይቀበለዋል፤ ሳይደርስ ያሳጥረዋል።

እንጨቱን ግቢው ላይ አቆምኩና ጥላውን ለካሁ። ወዲያው ወርጄ "ሜዳው" ላይ አቆምኩት። ያው እንጨት፣ ያው ፀሐይ። ጥላው አጠረ!

"ጋሽ ደምሴ!" ብዬ ጮህኩ። "አገኘሁት! ሜዳው ሜዳ አይደለም!"

ሰዉ መሬቱን አየ። ዕድሜውን ሙሉ የቆመበትን መሬት አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየው። አንድ ሽማግሌ "እኔኮ ሁልጊዜ ስወጣ ይደክመኛል" አሉ።

ሙሉቀን ፈተና ሲመልስ አንድ ልማድ ነበረው። የት ጋ እንደተሳሳተ ራሱ ለደረሰበት ተማሪ ግማሽ ማርክ ይመልስለታል። ሌሎቹ መምህራን ይስቁበት ነበር። እሱ ግን "መልሱን ከጓደኛ መቅዳት ይቻላል፤ የራስህን ስህተት ከማን ትቀዳለህ?" ይል ነበር። ዛሬ ያችን ግማሽ ማርክ ቢሰጠኝ... እንጃ። ዓይኔ ውስጥ ሰጋቱራ ገባ። መጥረቢያ ሰጋቱራ አያወጣም አትበሉኝ።

ጋሽ ደምሴ ሁለተኛውን ዛፍ በከዘራቸው አሳዩኝ። "በል ለካው።"

"እኔ?"

"ሜዳው ዳገት መሆኑን የሚያውቅ ሌላ ሰው አለ እንዴ?"

ለካሁት። አሁን እንጨቱም ጥላውም ዳገቱ ላይ። አሥራ ሦስት ሜትር መጣ። እስከ ሽንት ቤቱ ያለው ርቀት ያው አሥራ አራት ነው፤ አንድ ሜትር ይቀረዋል፤ አይደርስም። ይህን ስናገር ድምፄ እንደ ጠዋቱ አልነበረም። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት።

ሁሉም አመነኝ። አምኖኝም ሁሉም ሸሸ። ጋሽ ደምሴ ከመንገዱ ማዶ ሄደው ቆሙ። "አምኜሃለሁ፣ ግን ከዚህም ይታያል!" ብለው ጮሁ።

ዛፉ ተንቋቋ። ወደቀ።

ጫፉ ከሽንት ቤቱ አንድ ሜትር ያህል ሲቀረው መሬት ነካ። ሰይድ ስልኩን ጥሎ መጥቶ አቀፈኝ። ስለዚህ ይኼኛው ቪዲዮ ላይ የለም። ልብ በሉ! የሳትኩት ተቀርጿል፣ የመታሁት አልተቀረጸም!

እማዬ ከኋላዬ መጣች። "ታዲያ ውላችንስ?"

"የመጀመሪያው ተሳስቷል እማዬ።"

"ሁለተኛውስ?"

"ሁለተኛው ልክ ነው።"

"ስንዋዋል የትኛውን ዛፍ ነው ያልነው?"

አሰብኩ። "...አላልንም።"

"እኔ የሁለተኛውን ነው የያዝኩት" አለችና ወደ ቤት ገባች።

ይህች ሴት ትምህርት ቤት ብትገባ ኖሮ ዛሬ ጠበቃ ነበረች።

እና ሰኞ እመዘገባለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ከእኔ ከሚያንሱ ልጆች ጋር። እንደ ሙሉቀን አልሆንም፤ እሱ ግቢውንም ዳገቱንም ገና ሳይለካ ያየው ነበር። እኔ ዛፉ ከወደቀ በኋላ ነው የማየው። ግን አያለሁ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ድምፁን ስሰማ ዋልኩ፤ አልከበደኝም።

አንድ ነገር ብቻ ምከሩኝ። የሒሳብ መምህር የመጀመሪያ ቀን ገብቶ "ሒሳብ በኑሮው የጠቀመው ተማሪ አለ?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ሁልጊዜ ይጠይቃሉ። እጄን ላውጣ? ወይስ መጀመሪያ ክፍሉ ውስጥ የጋሽ ደምሴ ዘመድ አለመኖሩን ላጣራ?